ሰው ሠራሽ ረግረግ ለጣና አይሆንም ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን ስለ ጣና ሐይቅ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በየስልኩ እየዞረ ነው። ለእኔም ብዙ ወዳጆች ልከውልኛል። ጸሐፊው የሐይቁ ነገር የሚያንገበግባቸው ሰው እንደሆኑ ገና ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። አጻጻፋቸውም ይስባል። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ለዚሁ ነው። ሰው አምኗቸዋል፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን ሐይቁን የሚጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ላልተከታተለ ባጭሩ ላስረዳ። ክረምት ሲገባ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ ተፋሰሶች ገበሬው ማዳበሪያ ይበትናል። ዝናቡ ከማዳበሪያው፣ ከእበቱና ከራሱ ከአፈሩ ናይትሮጅን አጥቦ ይወርዳል። ማረፊያው ጣና ነው። ሐይቅ ውስጥ የገባ ናይትሮጅን አልጌን ይመግባል፣ እምቦጭንም ያፋፋል። ስለዚህ ውሃው ሐይቁ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ይያዝ፤ ደንገል፣ ፊላና ቄጠማ በበቀለበት ጥልቀት በሌለው ኩሬ ውስጥ ቀስ ብሎ ይለፍ፤ እዚያ ናይትሮጅኑ ይቀንሳል የሚል ሐሳብ አለ። ሰው ሠራሽ ረግረግ የሚባለው ይኸው ነው።

ጸሐፊው ሐሳቡን ከሥሩ ይቃወሙታል። ክርክራቸውን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ዕፅዋቱ የመጠጡትን ናይትሮጅን ሲሞቱና ሲበሰብሱ መልሰው ስለሚለቁት ትርፉ ዜሮ ነው ይላሉ። ጠፋ የሚባለውም ቢሆን ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ሆኖ አየር ውስጥ ይገባል፤ ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተፈታም ይላሉ። ዘዴው የሠራው በቀዝቃዛና በሀብታም አገር ነው፤ የእኛ የክረምት ጎርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል ይላሉ። ከአንድ ሄክታር በታች መሬት ካለው ገበሬ ላይ መሬት መንጠቅ ነው፣ በዚያ ላይ የወባ ትንኝ መፈልፈያ መገንባት ነው ሲሉም ያክላሉ። በመጨረሻም መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ማዳበሪያን መቀነስ፣ ቢቻል ጨርሶ መተው ነው ብለው ይደመድማሉ።

ሁሉም መነሳት ያለባቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልስ ግን አላቸው።

የመጀመሪያው ክርክር ብዙ ሰው ያሳመነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። አዎ፣ ደንገልም ፊላም ናይትሮጅን ይመጥጣሉ። አዎ፣ ሲሞቱ አብዛኛውን ይመልሱታል። ረግረጉ የሚሠራው ዕፅዋቱ በሚመጥጡት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊው ትክክል ይሆኑ ነበር። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ተክሉ አይደለም። ባክቴሪያ ነው።

ከማሳ የሚወርደው ናይትሮጅን ትልቁ ክፍል ናይትሬት ሆኖ ውሃው ውስጥ የሟሟ ነው። ረግረጉ ሥር ያለው ጭቃ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ በእሱ ፈንታ ናይትሬቱን ይተነፍሳሉ። ናይትሬቱ ደረጃ በደረጃ ይፈርስና መጨረሻ ላይ የናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። ሂደቱ ዲናይትሪፊኬሽን ይባላል። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ይኸው ጋዝ ነው። ዩሪያ የሚያመርተው ፋብሪካም ናይትሮጅኑን የወሰደው ከዚሁ አየር ነው። ከአየር የመጣው ወደ አየር ተመለሰ። አንዴ ከወጣ በኋላ ደንገሉ ቢደርቅም ቢበሰብስም ናይትሮጅኑን መልሶ ውሃው ውስጥ አይከተውም።

ታዲያ ዕፅዋቱ ለምን አስፈለጉ? ባክቴሪያዎቹ ምግብ ይፈልጋሉ። ምግባቸው ካርቦን ነው። ካርቦኑን የሚሰጣቸው የሞተው ቅጠል፣ የበሰበሰው ግንድና ሥር ነው። ጸሐፊው እንደ ጉድለት የቆጠሩት የዕፅዋቱ መበስበስ ሥራውን የሚያስኬደው ዋናው ነገር ነው። አዲስ የተቆፈረና ዕፅዋት ያልሞላበት ረግረግ መጀመሪያ ላይ ደካማ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ብስባሹ ከዓመት ዓመት ሲከማች ይጠነክራል። ግንዱና ቅጠሉም ዝም ብሎ አይቆምም፤ ውሃውን ያዘገያል፣ ለባክቴሪያዎቹ መስፈሪያ ይሆናል።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ አይደለም። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ካቴ ዛይድል የውሃ ዳር ዕፅዋት የቆሸሸ ውሃን እንዴት እንደሚያጠሩ መሞከር የጀመረችው በ1950ዎቹ ነው (እ.ኤ.አ.)። ለእርሻ ውሃ በሰፊው የተሞከረበትን ቦታ ለማየት ግን አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት መሄድ ይሻላል።

አዮዋ የበቆሎና የአኩሪ አተር አገር ናት። ከማሳዎቹ ሥር የተቀበሩ ቱቦዎች ትርፉን ውሃ ከነናይትሬቱ ወደ ወንዝ ይወስዱታል። ከዚያ ወደ ሚሲሲፒ፣ ከሚሲሲፒ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ። እዚያ በየዓመቱ በሞቃቱ ወቅት ኦክስጅን ያጣ፣ ዓሣ የሚሸሸው የባሕር ክፍል ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ስፋቱ ከ22,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። ጣናን ሰባት ጊዜ ያህል ማለት ነው። ችግሩን ለመቀነስ ከማሳዎቹ በታች፣ ቱቦዎቹ በሚገናኙበት ቦታ ረግረጎች ተሠርተዋል። ግዛቷ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ቅነሳ ስትራቴጂ ነባር ጥናቶች ተሰብስበው ሲሰሉ፣ እንዲህ ያለ ረግረግ የሚያልፍበትን ናይትሬት በአማካይ በ52 በመቶ እንደሚቀንስ ተቀምጧል። የአዮዋ ዕፅዋት በየዓመቱ በውርጭ ይደርቃሉ። ትርፉ ዜሮ ቢሆን ኖሮ በመግቢያውና በመውጫው የሚለካው ናይትሬት እኩል በሆነ ነበር። እኩል አይደለም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሱትን፣ ግን ለእሳቸው ወገን የሚያግዝ አንድ ነገር ልጨምር። ፎስፈረስ ሌላ ጉዳይ ነው። ፎስፈረስ ጋዝ ሆኖ አይወጣም። በብዛት ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ይመጣና ረግረጉ ውስጥ ይቀመጣል። ለፎስፈረስ ረግረጉ እንደ ጎተራ ነው፤ አንድ ቀን ይሞላል። ደለሉ ካልተዛቀ መልሶ ሊለቀው ይችላል። በፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ ከሸንኮራ አገዳ እርሻዎች የሚመጣውን ፎስፈረስ ለመያዝ የተሠሩት ረግረጎች ከ20,000 ሄክታር በላይ ናቸው፤ ክትትላቸውም አያቋርጥም። ስለዚህ መልሶ ይለቀዋል የሚለው ክርክር ስለ ፎስፈረስ ቢሆን ኖሮ ብዙ አልከራከርም ነበር። ስለ ናይትሮጅን ግን አይሠራም።

ወደ ጋዙ ልሂድ። ጸሐፊው የፈሩት ናይትረስ ኦክሳይድን ነው፤ መፍራታቸውም ተገቢ ነው። ናይትሬቱ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ከመቀየሩ በፊት በዚህ ደረጃ ያልፋል። ሂደቱ መሐል ላይ ከተቋረጠ የተወሰነው እንደዚሁ ያመልጣል። በመቶ ዓመት ሲሰላ አንድ ኪሎ ናይትረስ ኦክሳይድ ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 270 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ክርክሩ አንድ ነገር ዘሏል። ረግረግ ባይሠራ ያ ናይትሬት የት ይሄዳል? ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ሐይቁ ሥር ያለው ጭቃ ላይ ይደርሳል። እዚያም ያንኑ ሥራ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። እዚያም ያው ጋዝ ይወጣል። የዓለም የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ከእርሻ የታጠበ ናይትሮጅን የሚያስከትለውን ልቀት ሲያሰሉ የወንዙንና የባሕር ዳርቻውን ጭምር የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። ማወዳደር ያለብን ጋዝ የሚያወጣ ረግረግን ምንም ከማያወጣ ዓለም ጋር አይደለም። እንዲህ ያለ ዓለም የለም። ማወዳደር ያለብን ረግረግ ያለበትን ተፋሰስ ከሌለበት ተፋሰስ ጋር ነው። በደንብ በተሠራ ረግረግ ውስጥ ደግሞ ካርቦን በበቂ ስላለና ኦክስጅን ስለሌለ አብዛኛው ናይትሬት መንገዱን ጨርሶ ናይትሮጅን ጋዝ ይሆናል።

ሚቴንም አለ። የቆመ ውሃና የበሰበሰ ቅጠል ባለበት ሚቴን ይወጣል፤ ይህን አልክድም። ናይትሬት ባለበት ጭቃ ግን ባክቴሪያዎች ቅድሚያ የሚሰጡት ለናይትሬቱ ነው። ሚቴን የሚያመርቱት ተራቸው የሚደርሰው እሱ ሲያልቅ ነው። ጸሐፊው ሚቴኑን ከቆጠሩ ሐይቁ ዳር ተከምሮ የሚበሰብሰው እምቦጭ የሚያወጣውንም መቁጠር ነበረባቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር ደረስኩ። ዘዴው የቀዝቃዛና የሀብታም አገር ነው፤ የእኛ ጎርፍ ይጠርገዋል የሚለው።

ከቅዝቃዜው ልጀምር። እዚህ ላይ ነገሩ ተገልብጧል። የባክቴሪያዎቹ ሥራ በሙቀት ይፈጥናል፤ የውሃው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ስዊድንና ዴንማርክ ናይትሬቱ በብዛት የሚታጠበው በመከርና በብርዱ ወቅት ነው፤ ባክቴሪያዎቹ በሚደነዝዙበት ጊዜ። በዚያ ሁኔታ እንኳን ይሠራል ብለው ገንዘብ እያወጡበት ነው። በጣና ዙሪያ ውሃው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የፎገራ ሐምሌ ከስካንዲኔቪያ ጥር ጋር አይወዳደርም። በሙቀት በኩል ዕድሉ የእኛ ነው።

ጎርፉ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ጸሐፊው በሒሳብ አላስቀመጡትም፤ እኔ ላስቀምጥላቸው። 100 ሄክታር ማሳ አለ እንበል። ከታች 2 ሄክታር ስፋትና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ረግረግ ተሠራ። የሚይዘው 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። አንድ ከባድ ዝናብ ወርዶ ከማሳው 20 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢጎርፍ 20,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ረግረጉ ከሚይዘው እጥፍ ውሃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደረሰ ማለት ነው። ባክቴሪያዎቹ ጊዜ ይፈልጋሉ። እንዲህ ባለው ቀን የሚቀንሰው ናይትሬት ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ጎርፉ ደለል ይዞ ይመጣል፣ ረግረጉን ይሞላል። አዮዋ ውስጥ ውሃው በአብዛኛው በቱቦ ስለሚመጣ ፍሰቱ የተሻለ ዝግ ያለና ደለሉ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የ52 በመቶውን ቁጥር እንዳለ አንስቶ ጉማራ ላይ መለጠፍ ተገቢ አይደለም። እኔም አልለጥፍም።

ይህ ግን ዘዴውን ይቀይረዋል እንጂ አይሰርዘውም። ከረግረጉ ፊት ደለል የሚቀርባት ትንሽ ጉድጓድ ትቆፈራለች። በየዓመቱ በበጋ ትዛቃለች፤ የተዛቀው አፈር ለም ስለሆነ ወደ ማሳ ይመለሳል። ከባድ ጎርፍ ሲመጣ በጎን የሚያልፍበት ማስተንፈሻ ይሠራለታል። ወንዙ አፍ ላይ አንድ ትልቅ ረግረግ ከመሥራት ይልቅ ከላይ በየትንንሹ ተፋሰስ ብዙ ትንንሾች ይሠራሉ። ኖርዌዮች በየጅረቱ ላይ በጣም ትንንሽ ረግረጎችን የሠሩት በዋናነት ለደለልና ለፎስፈረስ ብለው ነው፤ የአፈር መሸርሸርን ችግር እነሱም ያውቁታል።

ሌላም ነገር አለ። ሁሉም ውሃ በጎርፍ አይወርድም። ዝናቡ ካባራ በኋላ አፈሩ ውስጥ የሰረገው ውሃ ቀስ እያለ ይወጣና ጅረቱን እስከ ጥቅምትና ኅዳር ያቆየዋል። ናይትሬት በውሃ ስለሚሟሟ ከዚህ ውሃ ጋር አብሮ ይመጣል። ይህ ውሃ አይቸኩልም፣ ደለልም የለውም። ረግረጉ ከሁሉ የበለጠ የሚሠራው በእሱ ላይ ነው። ጸሐፊው ጎርፉን ብቻ አይተው ይህን ውሃ ረስተውታል።

ቦታው የት ይሁን ለሚለው መልሱን የሚያውቀው ገበሬው ነው። በሰሜን ምዕራብ ደጋ ገበሬው በዘር ወቅት ማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ ትርፍ ውሃ ሰብሉን እንዳያበሰብሰው። የአንዱ ፈሰስ ከጎረቤቱ ፈሰስ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። ብዙ ቦረቦር የሚጀምረው እዚያው መገናኛው ላይ ነው። ናይትሬቱም የሚሰበሰበው እዚያው ነው። ለረግረግ የሚመረጠው ቦታ ያ ነው። ቦረቦሩን በክትር ማቆምና ውሃውን ማዘግየት ደግሞ ለሕዝባችን አዲስ ነገር አይደለም። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ሥራ ሕዝብ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይገነባል። ሰው ሠራሽ ረግረግ መብራት አይፈልግም፣ ኬሚካል አይፈልግም፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ አይፈልግም። አካፋ፣ ዶማ፣ ድንጋይና የደንገል ችግኝ ይፈልጋል። የሀብታም አገር ነገር የሚለው ስም የሚገባው ለውሃ ማጣሪያ ፋብሪካ ነው።

አገራችንም ከዘዴው ጋር አዲስ ትውውቅ የላትም። በባቱ ዙሪያ ያሉ የአበባ እርሻዎች ፍሳሻቸውን በሰው ሠራሽ ረግረግ ማጣራት ጀምረዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በሞጆ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጋር ሞክረውታል። እርግጥ እነዚህ ከአንድ ግቢ የሚወጣ ፍሳሽ የሚያጣሩ ናቸው። ከሰፊ ማሳ የሚወርድ የክረምት ውሃ ከዚያ ይከብዳል። ተክሎቹና ባክቴሪያዎቹ እዚህ አገር መሥራታቸውን ግን ያሳያሉ።

ስለ መሬት ጸሐፊው የተናገሩት ከልብ እንደሆነ አያጠራጥርም። ቁጥሩን ግን እንየው። በአዮዋ እንዲህ ያለ ረግረግ የሚወስደው ከሚያጣራው ተፋሰስ ግማሽ በመቶ እስከ 2 በመቶ ያህሉን ነው። ከ100 ሄክታር 2 ሄክታር። በጥማድ ከ400 ስምንቱ። ያውም ጥሩው ማሳ አይደለም፤ ቦረቦር የበላው፣ ውሃ የሚተኛበት፣ ዘር ቢዘራበት የሚበሰብስበት ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ የወል ግጦሽ ይሆናል። ከብት የሚያውልበትን ሰው ጥያቄ ማቃለል አይገባም። ሣሩ ታጭዶ ለከብቱ ሊደርስ ይችላል፤ ደንገሉ ለታንኳ፣ ፊላው ለቤት ክዳን ይሆናል። ያም ሆኖ ቦታው የሚነካበት ሰው ካሳ ማግኘት አለበት። አዮዋ ውስጥ ገበሬው መሬቱን ለረግረግ ሲሰጥ ይከፈለዋል። እዚህ ያለ ካሳ የሚወሰድ ከሆነ ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እቃወማለሁ።

ወባም እንዲሁ በጭፍን የሚታለፍ አይደለም። ፎገራና ደምቢያ ወባ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። ነገር ግን ውሃ ባለበት ሁሉ የወባ ትንኝ ይበዛል ማለት ስህተት ነው። አገራችን ውስጥ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አረቢየንሲስ የምትወደው ትንንሽ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ዕፅዋት የሌለበት ውሃ ነው። የከብት ኮቴ ያቆረው፣ ለጡብና ለመንገድ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ፣ ከመስኖ ቦይ የፈሰሰ ኩሬ። ጥቅጥቅ ያለ ደንገል ያጠላበት ውሃ ለእሷ አይመቻትም። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ በካባሌ የተደረገ ጥናት አለ። ረግረጉ ታርሶ ወደ ማሳ በተቀየረባቸው መንደሮች ሙቀቱ ደንገሉ ሳይነካ ከቀረባቸው መንደሮች ከፍ ብሎ ነው የተገኘው፤ የወባ ሥጋቱም ወደዚያው ያዘነበለ ነበር። ደንገሉን መንቀል ነው ወባን የጠቀማት።

ይህን ስል አንድ ነገር መተው የለብኝም። ሌላዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ ፈነስተስ ዕፅዋት ያለበትን ቋሚ ውሃ ትወዳለች። ስለዚህ ረግረግ ከመንደር ራቅ ብሎ መሠራት አለበት። ዳርና ዳሩ የከብት ኮቴ እንዳያቦካው መታጠር አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ትንኙን እንዲከታተሉ ከመጀመሪያው መካተት አለባቸው። ጸሐፊው ይህን ቢጠይቁ ኖሮ አብሬ እፈርም ነበር።

የቀረው የማዳበሪያው ነገር ነው። ብዙ ሰው የወደደላቸው ይህን ይመስለኛል፤ ቀላልና ንጹሕ መልስ ስለሚመስል።

ማዳበሪያ መባከን የለበትም፤ በዚህ እንስማማለን። ዩሪያን በአንድ ጊዜ ከመበተን ከፋፍሎ መስጠት፣ ከከባድ ዝናብ በፊት አለመበተን፣ እበትና ኮምፖስት መጠቀም ጥሩ ነው። ገበሬውም ገንዘቡን ያተርፋል። ግን ይህ ብቻውን ይበቃል ወይ? የአዮዋው ስትራቴጂ ይህንንም አስልቷል። ገበሬው ናይትሮጅኑን አዋጪ ወደሚባለው መጠን ቢያወርድ የሚታጠበው ናይትሬት የሚቀንሰው በ10 በመቶ ገደማ ነው። የግዛቷ ግብ ደግሞ 45 በመቶ ነው። ከዋናው ሰብል በኋላ አጃ መሰል የመሬት ሽፋን ሰብል መዝራት 31 በመቶ ይቀንሳል። እንዲህ እንዲህ እየተደመረ ካልሆነ ግቡ አይደረስም። ምክንያቱም የሚታጠበው ናይትሬት ሁሉ የዘንድሮ ማዳበሪያ አይደለም። አፈሩ ውስጥ ያለው ብስባሽ ራሱ ሲፈርስ ናይትሬት ይሰጣል። መሬቱ ሲታረስ ደግሞ ይህ ይፋጠናል። ማዳበሪያ ጨርሶ ባይበተንም ከታረሰ ማሳ ናይትሬት መውረዱ አይቀርም።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ለዓመታት ለገበሬው ሲነገር የነበረው 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ በሄክታር ነው። ዳፑ 18 በመቶ፣ ዩሪያው 46 በመቶ ናይትሮጅን አለው፤ ድምሩ 64 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። የአዮዋ ገበሬ ለበቆሎ የሚሰጠው ከዚህ እጥፍ በላይ ነው። የእኛ ገበሬ 64ቱንም ሙሉውን የሚገዛበት አቅም ብዙ ጊዜ የለውም። ይህን ሰው ማዳበሪያ ተው ብንለው ምርቱ ይቀንሳል። ልጆቹን ማብላት ግን አይቀርም። ስለዚህ ሌላ መሬት ያርሳል። ገደሉን ያርሳል፣ ጨፌውን ያርሳል። በፎገራ ሜዳ የሸሸርና የዋላላ ረግረጎች የጠበቡት እንዲህ ነው፤ ውሃው እየተንጣፈፈ፣ ዳሩ እየታረሰ። የጸሐፊው መፍትሔ ብቻውን ሲተገበር ጣናን ሲጠብቁ የኖሩትን የተፈጥሮ ረግረጎች ነው የሚበላው።

ጸሐፊው በአንድ ቦታ ስለ እነዚህ የተፈጥሮ ረግረጎች ጽፈዋል፤ ያለው ሳይጠበቅ ለምን አዲስ ይቆፈራል ይላሉ። ይህ ጽሑፋቸው ውስጥ ካሉት ሁሉ ትክክለኛው ዓረፍተ ነገር ነው። መጀመሪያ ሸሸርና ዋላላ ይጠበቁ። ዓሣው የሚራባውም፣ ቁራቁራውና ሌላው የውሃ ወፍ የሚያርፈውም እዚያ ነው። ግን የተፈጥሮ ረግረግ የእርሻውን ፍሳሽ ሁሉ ተሸክሞ እንዲያጣራ መፍረድም ልክ አይደለም። የሚሠራው ረግረግ ከእነሱ በላይ ይሁን፤ ደለሉንና ናይትሬቱን ቀድሞ ይቀበልላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ግልጽ ይሁን። ሰው ሠራሽ ረግረግ እምቦጭን ያጠፋል አልልም። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ነው፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የባሕር ዳርና የጎንደር ከተሞች ፍሳሽም የራሱ ድርሻ አለው፤ ያ በሌላ መንገድ ነው የሚታከመው። ረግረጉ የሚሠራው ከእርሻ የሚመጣውን መኖ መቀነስ ነው።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በጉማራ ተፋሰስ ውስጥ 100 ሄክታር ገደማ የሆነ አንድ ትንሽ ተፋሰስ ይመረጥ። ከሥሩ ደለል ማስቀሪያና ማስተንፈሻ ያለው ረግረግ ይሠራ፤ ባለመሬቶቹ ካሳቸውን ይቀበሉ። ደንገሉ እስኪጠና ሁለት ሦስት ክረምት ይሰጠው። ከዚያ ከሰኔ እስከ ኅዳር በመግቢያውና በመውጫው የውሃው መጠንና ናይትሬቱ ይለካ፤ ውጤቱም ለማንም ክፍት ይሁን። የጎርፍ ቀናት ከልኬቱ እንዳይዘለሉ እኔ ራሴ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ረግረጉ የሚሸነፍ ከሆነ የሚሸነፈው በእነዚያ ቀናት ነውና።